ያወግዛል፣ ግን አይፈታም

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ታላቅ ወንድሜ ለረጅም ዓመታት የአንድ ፓርቲ ደጋፊ ነው። ድሮ ስለ ሁሉም ነገር እንከራከር ነበር፤ ስንጨርስ ደግሞ አብረን እንስቅ ነበር። አሁን መሪውን ትንሽ ከነካሁበት ፊቱ ይለዋወጣል። ባለፈው ‹ለካ አንተም ከነሱ ነህ› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ አላናገረኝም። ጓደኛዬ ‹ወንድምህ ፖለቲካ ሃይማኖት ሆኖበታል› ይለኛል። እውነት ፖለቲካ ሃይማኖት ይሆናል? ወይስ እንዲያው አባባል ነው? ከሆነስ ከወንድሜ ጋር እንዴት ልሁን?»

ጠያቂዬ፣ እንዲያው አባባል አይደለም። ነገሩ አለ። ምሁራንም «ፖለቲካዊ ሃይማኖት» የሚል ስም አውጥተውለታል። ሥራዬ የሃይማኖት ሶሲዮሎጂ ነው፤ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝም ይሄው ነው። በ1938 ኤሪክ ፎግሊን የሚባል ምሁር ቪየና ላይ በዚሁ ጉዳይ አንድ ቀጭን መጽሐፍ አሳተመ። ናዚዎች ኦስትሪያን የያዙት በዚያው ሰሞን ነበር። መጽሐፉን ሰበሰቡት፤ እሱም ሀገር ጥሎ ሸሸ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር እንለይ። ሰው ለፓርቲው ስለዘፈነ፣ ባንዲራ ስለያዘ፣ በምርጫ ሌሊት ስላለቀሰ ፖለቲካ ሃይማኖት ሆነበት አይባልም። ሰው ለሚወደው ነገር እንዲህ ይሆናል። «ሃይማኖት ሆነበት» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ የሚወረውሩትንም አልወድላቸውም። በዚያ አነጋገር ሃይማኖት ማለት ጭፍንነት ማለት ይሆናል። እሱ ደግሞ ለአማኞችም ፍርደ ገምድል ነው፤ ነገሩን ለመረዳትም አይረዳም። ጥያቄው ከሃይማኖት ምን ተወሰደ፣ ምንስ ተተወ የሚለው ነው።

አንድ ታሪክ ልንገርዎ። በኦገስት 1968 የፓኪስታን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቤጂንግን ሲጎበኙ ለማኦ ዜዱንግ ማንጎ በስጦታ አመጡ። ማኦ አልበላውም። ቺንግዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እርስ በርስ ይጋደሉ የነበሩ ተማሪዎችን እንዲያረጋጉ ለተላኩ ሠራተኞች ላከላቸው። ማንጎዎቹም ለየፋብሪካው ተከፋፈሉ። በዚያን ጊዜ በዚያ አካባቢ ማንጎ አይቶ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር። አንድ የቤጂንግ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የደረሰውን አንዱን ፍሬ በሰም ለብጦ አዳራሽ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አስቀመጠው። ሠራተኞች እየተሰለፉ በፊቱ ሰገዱ። ብዙም ሳይቆይ ማንጎው ከውስጥ መበስበስ ጀመረ። ሰሙ ተነሣ፤ ፍሬው ተልጦ በትልቅ ድስት ተቀቀለ። ከዚያ እያንዳንዱ ሠራተኛ ተራውን ጠብቆ ከውኃው አንድ አንድ ማንኪያ ጠጣ። በእውነተኛው ማንጎ ቦታ በሰም የተሠራ ማንጎ ተተካ። ስግደቱም ቀጠለ።

እነዚህ ሰዎች ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው እየተባሉ የተማሩ፣ ቤተ መቅደስ ሲፈርስ ያዩ ናቸው። አምላክ የለም በተባለበት አዳራሽ ነው ማንኪያውን ይዘው የተሰለፉት። እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ አልስቅም። ያንን ማንኪያ ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ የተሰማቸው ነገር እውነተኛ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ፈረንሳዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ኤሚል ዱርካይም በ1912 ያስረዳን ይህንን ነው። እንደሱ አነጋገር «ቅዱስ» ማለት የግድ አምላክ ያለበት ነገር ማለት አይደለም። ቅዱስ ማለት የተለየ ማለት ነው። እንደ ሌላው ዕቃ አይነካም፤ እንደ ሌላው ዕቃ አይመነዘርም። ሰዎች ተሰብስበው፣ አንድ ድምፅ ሆነው ሲዘምሩ፣ አንድ ላይ ሲያለቅሱ፣ ከእያንዳንዳቸው የሚበልጥ ኃይል ይሰማቸዋል። ያ ኃይል ማረፊያ ይፈልጋል። ባንዲራ ላይ ሊያርፍ ይችላል። አንድ ሰው ፎቶ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ማንጎም ላይ አርፏል።

ለወንድምዎ ጉዳይ ቁልፉ እዚህ ጋ ነው። ተራ ነገር ይመዘናል። ቅዱስ ነገር አይመዘንም። የግብር መጠን፣ የመንገድ ሥራ፣ የነዳጅ ድጎማ፣ እነዚህ ሁሉ በባሕርያቸው የሚመዘኑ ነገሮች ናቸው። ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ እያልን እንደራደርባቸዋለን። ፖለቲካ ድሮውንም ለዚህ የተሠራ ሙያ ነው። አንዱ ጉዳይ ከሚዛኑ ላይ ተነሥቶ መንበር ላይ ሲቀመጥ ግን ጨዋታው ይለወጣል። በ2007 ጄረሚ ጊንጀስ፣ ስኮት አትራንና ባልደረቦቻቸው በእስራኤላውያን ሰፋሪዎችና በፍልስጤማውያን መካከል ያካሄዱት ጥናት ታትሞ ነበር። ለተጠያቂዎቹ የሰላም ስምምነት ሐሳብ ቀረበላቸው። ስምምነቱ ቅዱስ ከሚሉት ነገር የተወሰነውን እንዲለቁ ይጠይቃል። ለአንዳንዶቹ ደግሞ በላዩ ላይ ገንዘብ ተጨመረበት። በገበያ ሒሳብ ቢሆን ካሳ ሲጨመር ቁጣ ይበርዳል። ጉዳዩን ቅዱስ አድርገው በሚያዩት ሰዎች ላይ የታየው ግን ተቃራኒው ነው። ቁጣቸው ባሰ። ቁጣውን ያለዘበው ገንዘቡ አልነበረም። ሌላው ወገን እሱም ቅዱስ ከሚለው ነገር እንደሚለቅ ሲያሳይ ነው የለዘቡት።

ይህ ለማንም ግልጽ ነው። «እናትህን ሽጥልኝ» ያለ ሰው ዋጋውን ከፍ ቢያደርግ ስድቡ ይብሳል እንጂ አይለዝብም።

ስለዚህ እርስዎ ስለ መሪው አንድ ቅሬታ ሲያነሡ ሐሳብ ያቀረቡ መስሎዎታል። ወንድምዎ የሰሙት ግን ሐሳብ አይደለም። መነካት የሌለበት ነገር ሲነካ ነው ያዩት። ለዚህ ነው መልሳቸው «ተሳስተሃል» ያልሆነው። «ከነሱ ነህ» ነው ያሉት። «ተሳስተሃል» ስለ ሐሳብዎ ነው። «ከነሱ ነህ» ስለ ማንነትዎ ነው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ፤ ይህ ነገር በማኦ አልተጀመረም። የፈረንሳይ አብዮተኞች በ1793 የቀን አቆጣጠሩን ራሱን ቀየሩ። ዓመቱ 12 ወር ሆኖ እያንዳንዱ ወር 30 ቀን ተሰጠው። በመጨረሻ እንደ ጳጉሜን ያለ 5 ወይም 6 ቀን ተጨመረበት። ሳምንቱ 10 ቀን ሆነ። 10 ቀን ያደረጉት ለሒሳብ እንዲመች ብቻ አልነበረም። እሑድ እንድትጠፋ ነው። ዘመንም ከክርስቶስ ልደት መቆጠሩ ቀርቶ ሪፐብሊኩ ከታወጀበት ከ1792 መቆጠር ጀመረ። ናፖሊዮን በ1806 መባቻ እስኪሽረው ድረስ ቆየ። በኖቬምበር 1793 ኖትር ዳም ካቴድራል ውስጥ የ«አእምሮ» በዓል ተከበረ፤ አንዲት ተዋናይት እንስት አምላክ ሆና ተቀመጠች። በጁን 1794 ደግሞ የአብዮቱ መሪ ሮብስፒየር ራሱ እየመራ «የልዑል ህላዌ» በዓል ተከበረ። ሁለት ወር ሳይሞላ ያው ሮብስፒየር በጊሎቲን አንገቱ ተቀላ።

የዣን-ፖል ማራ ነገር ግን ከሁሉም ይልቅ ይገርመኛል። ማራ ጋዜጠኛና የአብዮቱ ሰው ነበር። ጁላይ 13 ቀን 1793 ገንዳ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሳለ ሻርሎት ኮርዴ የተባለች ወጣት በቢላዋ ወጋችው። ልቡን አውጥተው በዕቃ ውስጥ አድርገው አባል ከነበረበት ክበብ ጣሪያ ላይ ሰቀሉት። ሕፃናት በስሙ ተጠሩ። በፓሪስ የሰማዕታት ተራራ ተብሎ የሚታወቀው ሞንማርትር ሞን-ማራ ተባለ። በሴፕቴምበር 1794 አስከሬኑ የሀገሪቱ ታላላቆች በሚቀበሩበት በፓንቴዮን በክብር አረፈ። በፌብሩዋሪ 1795 ደግሞ ተመልሶ እንዲወጣ ተደረገ፤ ምስሎቹም ተሰባበሩ። በፓንቴዮን የቆየው ስድስት ወር አልሞላም። ሃይማኖቶች ቅዱስ ለማለት ብዙ ዘመን ይጠብቃሉ፤ አንዴ ካሉ ደግሞ በቀላሉ አይሽሩም። ፖለቲካ ሁለቱንም በአንድ ክረምት ይጨርሳል።

ሌኒን ሲሞት በጃንዋሪ 1924 ባለቤቱ ናዴዥዳ ክሩፕስካያ በፕራቭዳ ጋዜጣ ላይ ለሕዝቡ ልመና ጽፋ ነበር። ሐውልት አታቁሙለት፣ በስሙ ሕንጻ አትሰይሙ፤ እሱን ማክበር ከፈለጋችሁ መዋዕለ ሕፃናትና ሆስፒታል ሥሩ የሚል ነው። አልሰሟትም። አስከሬኑ እንዳይፈርስ በመድኃኒት ተይዞ ለሕዝብ ዕይታ ተቀመጠ። በሐዘኑ ስብሰባ ላይ ስታሊን እየደጋገመ «ጓድ ሌኒን፣ እንምልልሃለን» ይል ነበር። ስታሊን በወጣትነቱ ትብሊሲ ውስጥ የካህናት ማሠልጠኛ የተማረ ሰው ነው። ያ ዜማ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም።

ከ37 ዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር 1961 የተሰማው ደግሞ ይበልጣል። በዚያን ጊዜ ስታሊንም ሞቶ ከሌኒን ጎን ተኝቷል። በሶቪየት ኮሚኒስት ፓርቲ 22ኛ ጉባኤ ላይ ዶራ ላዙርኪና የምትባል አሮጊት ተነሣች። የድሮ ቦልሼቪክ፣ ከሌኒን ዘመን ጀምሮ የፓርቲው አባል ናት። በስታሊን ዘመን ረጅም ዓመታት በእስር ማቅቃለች። ለጉባኤው ያለችው በአጭሩ ይህ ነው፦ ትናንት ኢሊችን አማከርኩት፤ በሕይወት ያለ ይመስል ፊቴ ቆሞ፣ ለፓርቲው ያን ያህል መከራ ካመጣው ከስታሊን አጠገብ መተኛት ደስ አይለኝም አለኝ። ኢሊች ማለት ሌኒን ነው። ጉባኤው አጨበጨበ። በማግስቱ ሌሊት የስታሊን አስከሬን ከመቃብሩ ቤት ወጥቶ በክሬምሊን ግንብ ሥር ተቀበረ።

ያችን ሴት ልብ ይበሉ። ፓርቲው አስሯታል። ብዙ ዕድሜዋን ቀምቷታል። እሷ ግን ፍትሕ የጠየቀችው በሙት ራእይ ነው። ሌላ ቋንቋ አልነበራትም፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥም ከሌኒን በላይ የሚሰማ ዳኛ አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። ልቤ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ሃይማኖቶች ትልቁን ተስፋቸውን ከዚህ ዓለም ማዶ ያስቀምጣሉ። ስለዚህ ዛሬ ነገር ቢበላሽ እምነቱ አይፈርስም። ዓለም ድሮም እንዲህ ናት ይባልና ይታለፋል። ወደ ሃይማኖትነት የተጠጋ ፖለቲካ ግን ተስፋውን እዚሁ ምድር ላይ፣ ለዚሁ ትውልድ ይሰጣል። ቀኑ ይደርሳል። የተባለው አይመጣም። ይሄኔ ሁለት መንገድ ብቻ ይቀራል፤ ወይ ትምህርቱ ስህተት ነበር፣ ወይ አንድ ሰው አበላሽቶብናል። ትምህርቱ ቅዱስ ከሆነ የመጀመሪያው በር ዝግ ነው። ስለዚህ ከሃዲ ይፈለጋል። ሰዎቹ ክፉዎች መሆን የለባቸውም። ጥሩ ሰዎችም ቢሆኑ ሒሳቡ ራሱ እየገፋ እዚያ ያደርሳቸዋል።

ከሃዲው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ አይመጣም። በሃይማኖት ታሪክ መናፍቅ ከአረማዊ ይልቅ ያስፈራል። አረማዊ አያውቅም ይባላል፤ መናፍቅ ግን አውቆ ነው። ለዚህ ነው ወንድምዎ ተቃዋሚ ፓርቲ ውስጥ ካለ ጎረቤት ጋር ሰላም እየተባባሉ እንኳ ከእርስዎ ጋር ሊኳረፉ የሚችሉት። ቅርብ ነዎት። ያውቃሉ። በሳቸው ዓይን ይህ ነው ያከፋብዎት።

ከሶቪየት ኮሚኒስት ፓርቲ መሪዎች አንዱ የነበረውን ኒኮላይ ቡኻሪንን ያስታውሱ። ሌኒን ራሱ የመላው ፓርቲ ተወዳጅ ብሎ የጻፈለት ሰው ነበር። በ1937 ታሰረ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 10 ቀን ከእስር ቤት ሆኖ ለስታሊን ረጅም ደብዳቤ ጻፈ። የተከሰሰበትን ወንጀል እንዳልሠራ ይናገራል። ግን ሊፈረድበት እንደሚችል ተቀብሏል። በስተመጨረሻ የሚለምነው ይቅርታ ነው። ነጻ ልቀቀኝ አላለም። በልብህ ብቻ ይቅር በለኝ ነው ያለው። ማርች 1938 ችሎት ቀርቦ በአደባባይ በደለኛ ነኝ አለ። በዚያው ወር 15ኛው ቀን ተረሸነ።

የንስሐ ሥርዓትን ከዚህ ጋር ያስተያዩት። ሰው ኃጢአቱን ይናገራል። ካህኑ ቀኖና ይሰጠዋል። መጨረሻ ላይ ግን «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይለዋል። ሰውየው ተነሥቶ ይሄዳል፤ ጉዳዩ አለቀ። በእስልምና የተውባ በር ክፍት ነው። አይሁድ በየዓመቱ የስርየት ቀን አላቸው። መፍትሔው በየሃይማኖቱ ይለያያል እንጂ አንድ መውጫ በር ሁሌም አለ። ሃይማኖቶችም ቢሆኑ ያወገዙበትና ያቃጠሉበት ዘመን እንደነበር አልክድም። ግን በራሳቸው መጽሐፍ ውስጥ የሚወቅሳቸው፣ ይቅር በሉ የሚላቸው ቃል ተቀምጧል።

ፖለቲካ ሃይማኖትን ሲመስል ቃላቱን ሁሉ ይወስዳል። በአማርኛችን ብቻ እንኳ ይቁጠሯቸው፦ ሰማዕት፣ መስዋዕት፣ ቀኖና፣ ከሃዲ፣ አጥማቂ፣ ውግዘት። ለንስሐ የሚሆን እንኳ «ግለ ሂስ» አለው። «ይፍታህ» የሚለውን ግን አልወሰደም። ለምን? እኔ እንደማስበው ለመፍታት ከሁለቱም በላይ የሆነ ሦስተኛ ያስፈልጋል። ካህኑ በራሱ ስም አይፈታም፤ እሱም እንደ ሰውየው ኃጢአተኛ ነው። ፓርቲ ግን ከራሱ በላይ ማንም የለውም። ዳኛውም ተበዳዩም እሱ ነው። እንደዚያ ያለ ዳኛ ይቅር ማለት ትምህርቱን ማላላት ይመስለዋል። ደግሞም በደሉን የተናዘዘ፣ ግን ያልተፈታ ሰው እንደልብ ይታዘዛል።

ይህንን ለማየት ሞስኮ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ስልክዎን ይክፈቱ። አንድ ሰው ከስምንት ዓመት በፊት የጻፈው ፖስት ተቆፍሮ ይወጣል። ሰውየው ይደነግጣል፤ ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ ብሎ ይጽፋል። ይቅርታው ራሱ በስክሪንሹት ተይዞ «ይኸው አምኗል» ተብሎ ይዞራል። ኮመንቱ ሥር «ይቅር ብለንሃል» የሚል ሰው ይፈልጉ። ካገኙ ደግሞ ከሥሩ የተሰጠውን መልስ ያንብቡ። ይቅር ያለውም ሰው ይሰደባል።

አሁን አንድ የተለመደ ማብራሪያ ላይ ያለኝን ቅሬታ ልናገር። «ሰው ሃይማኖት ሲተው ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ፖለቲካ ገብቶ ይሞላዋል» ይባላል። ትንሽ እውነት አለው። ግን ሙሉውን አይገልጽም። አጥብቀው የሚያምኑ፣ ከጸሎት የማይቀሩ ሰዎችም ፖለቲካን ያመልካሉ። ደግሞም ሁለቱ ተለያይተው የኖሩበት ዘመን ነው አጭሩ። የሮም ቄሳሮች መሥዋዕት ይቀርብላቸው ነበር። የፈረንሳይና የእንግሊዝ ነገሥታት በእጃቸው ዳስሰው የአንገት እባጭ ይፈውሳሉ ተብሎ ለብዙ መቶ ዓመታት ታምኗል። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሻርል 10ኛ እንኳ በ1825 ዘውድ ከጫነ በኋላ ሕሙማንን ዳስሷል፤ ከአብዮቱ ወዲህ ማለት ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የማንነት ጉዳይ ነው። በ1960 አሜሪካ ውስጥ ሰዎች ልጃቸው ከሌላው ፓርቲ ደጋፊ ጋር ቢጋባ ቅር ይላቸው እንደሆነ ተጠይቀው ነበር። ቅር ይለኛል ያለው ከ20 ሰው አንድ ያህል ነው። በ2010 ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ ከሪፐብሊካኖቹ ግማሽ ያህሉ፣ ከዴሞክራቶቹ ሲሶ ያህሉ ቅር ይለናል አሉ። በሰርግ ጉዳይ ማን ከማን እንደሚጋባ ሲወስን የኖረው ሃይማኖት ነበር። አሁን ፓርቲም እዚያ ደርሷል።

ታዲያ ፖለቲካ ቅዱስ የሚለው ነገር ጨርሶ አይኑረው ማለቴ ነው? አይደለም። ሰው አይገረፍ፣ ሰው አይሸጥ የሚሉት ነገሮች ሚዛን ላይ ባይወጡ እመርጣለሁ። እነዚህ ቅዱስ ሆነው ይቀመጡ። ልዩነቱ ቅዱሱ ነገር የራስን ወገንም ይወቅሳል ወይ የሚለው ላይ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በማርች 1865 የሀገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ሊያልቅ ሲል ያደረገውን ንግግር እዩት። ድል ደጃፉ ላይ ነበር። እሱ ግን ሁለቱም ወገኖች አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ያነባሉ፣ ወደ አንድ አምላክ ይጸልያሉ አለ። ጦርነቱንም ለባርነት በደል በሰሜኑም በደቡቡም ላይ የመጣ ቅጣት አድርጎ አቀረበው። በ1963 በርሚንግሃም ውስጥ ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋር ለሰልፍ የሚወጡ ሰዎች አንድ ካርድ ላይ ይፈርሙ ነበር። አሥር ትእዛዝ አለው። ከትእዛዛቱ አንዱ እንቅስቃሴው የሚፈልገው ፍትሕና እርቅ እንጂ ድል እንዳልሆነ አስታውሱ ይላል። ውሻ ሊለቀቅባቸው ነው። እስር ቤት ሊገቡ ነው። ከዚያ በፊት የፈረሙት ይህንን ነው። ይህም ከሃይማኖት የተወሰደ ፖለቲካ ነው፤ ግን መፍቻውን ጭምር ነው የወሰደው።

ስለ ወንድምዎ እንግዲህ። ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ልነሣ። ተማሪ ሳለሁ አንድ የፖለቲካ ጥናት ክበብ ውስጥ ነበርኩ። አንድ ጓደኛችን የበተንነው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ስህተት ነው ብሎ ተናገረ። ቁጥሩ በርግጥም ስህተት ነበር። ግን አስቁመው ግለ ሂስ አስደረጉት። ድምፁ እየተንቀጠቀጠ የተባለውን ሁሉ አለ። ከዚያም ይባረር ተባለ። እጃቸውን ካወጡት አንዱ እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሳየው ወደ ማዶ እሻገር ነበር። እስከዛሬ ያሳፍረኛል።

ከዚያ ያወጣኝ ክርክር አይደለም። ክርክርማ ያጠነክረኝ ነበር፤ መልስ የሌለኝ ጥያቄ ሲመጣ የጠያቂውን ማንነት እመረምር ነበር። ያወጣችኝ እህቴ ናት። በፖለቲካዬ አትስማማም፤ አልደበቀችኝም። ግን በየሳምንቱ ትደውላለች። ጥርሴን ታክሜ እንደሆነ ትጠይቀኛለች። የእናታችንን ወሬ ትነግረኛለች። እኔ ስዘጋት መልሳ ትደውላለች። ከክበቡ የወጣሁ ቀን ሌላ የምሄድበት ቤት አልነበረኝም። ጓደኛ፣ መኝታ፣ ምሽት፣ ዘፈን፣ ሁሉም የነሱ ነበር። እሷ ጋ ሄድኩ። ስገባ «ነግሬህ አልነበር» አላለችኝም። ስለ ጥርሴ ነው የጠየቀችኝ።

ስለዚህ ወንድምዎን በመረጃ ለማንበርከክ አይሞክሩ። መረጃ ከንቱ ስለሆነ አይደለም። ሌላ ሰዓት ያስፈልገዋል። ሐሳብዎንም አይደብቁ። «እኔ በዚህ አልስማማም፤ አንተ ግን ወንድሜ ነህ» ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም በአንድ ትንፋሽ ይባላል። የመሪውን ስም ሳያነሡ የሚያወሩት ነገር ይፈልጉ። ድሮ አብረው ያስቃችሁ የነበረው ምን ነበር? ከእሱ ይጀምሩ። ከእርስዎ ወገን ስህተት ብለው የሚያምኑት ነገር ካለ ደግሞ ሳይጠየቁ ይናገሩት። ቀደም ሲል የጠቀስኩት የእስራኤላውያንና የፍልስጤማውያን ጥናት ያሳየው ይህንን ነው፤ ሰው የሚለዝበው ሌላው ከራሱ ሲለቅ ሲያይ ነው።

አንድ ቀን ልባቸው የመለሰ እንደሆነ፣ በሰዎች ፊት ተሳስቻለሁ ብለው እንዲናገሩ አይጠብቁ። ይህን አይጠይቋቸው። ከአንድ የግለ ሂስ አዳራሽ ወጥተው ወደ ሌላ እንዲገቡ መጠየቅ ይሆናል።

«ከነሱ ነህ» የሚለው ቃል ያማል። ሁለት ወር ለወንድማማች ረጅም ነው። ማን ይቅደም የሚለውን ይተዉትና እርስዎ ይደውሉ።